በዳዊቱ ጠርዝ የተጻፈው

ጎረቤቴ እማዋይሽ እዚሁ ሚዛን ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የደበዘዘ ኑዛዜ፣ ምስጥ የበላው ውል፣ አንባቢ ያጣ ወረቀት ሁሉ ከአማንም ከቴፒም ወደ እሷ ይመጣል። ጎበዝነቷን አልክድም። አንድ ነገሯ ብቻ ያንገበግበኝ ነበር፤ የዘር ኩራቷ። አያቷ ካሣዬ ከማጂ የወረዱ የሰሜን ሰው ልጅ መሆናቸውን ሳትነግረኝ ከሱቄ ስኳር ገዝታ አትወጣም። "ዘይቱ፣ እኛ እኮ አጥንታችን የታወቀ ነው" ትለኛለች። እኔ የጅማ ነጋዴ ልጅ ምን እላለሁ፤ ስኳሩን እመዝናለሁ።

ዘንድሮ የቴፒው ይሄይስ ልጇን ራሔልን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። እንደ ደንባቸው ሰባት ቤት ሲቆጠር ግን ነገሩ ተበላሸ። የይሄይስ አባት አቶ ሸዋንግዛው የቅድመ አያታቸውን ዳዊት ይዘው መጡ። ቅድመ አያትየው በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የልጆቻቸውን ስም በወፍራም ብዕር ጽፈዋል፤ ጥበቡ፣ ከሥሩ ካሣዬ። ጥበቡ የአቶ ሸዋንግዛው አያት ናቸው። ከካሣዬ ስም ሥር ደግሞ "ወደ ሚዛን ወረደ" ስለሚል የእማዋይሽ አያት መሆናቸው አላጠያየቀም። የወንድማማች ዘር ሊጋባ ነው ማለት ነው።

ከካሣዬ ስም ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ ቀለሙ የሸሸ ቀጭን ጽሑፍ ነበር። እሱን ማንም ማንበብ አልቻለም። "ምናልባት የሚያድነን ነገር ቢገኝበት፣ እስከ እሑድ ያንብቡልን" ብለው አቶ ሸዋንግዛው ዳዊቱን ትተውላት ሄዱ።

ያን ሳምንት እማዋይሽን ማየት ያስጨንቅ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ታዘነብላለች፤ ዝናብ ሲያጨልምባት ሰማዩን ትራገማለች። የጸሐፊውን እጅ ለመልመድ ከላይ ያሉትን ስሞች ደጋግማ ትገለብጣለች። ራሔል በየሰዓቱ ትደውላለች፤ "እማዬ፣ ምን ይላል?" "ገና ነው ልጄ።" እኔም ፈራሁላትና ሱቄን እየዘጋሁ እመላለስ ነበር።

ዓርብ ጠራችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። የገለበጠችውን አነበበችልኝ፦ "ካሣዬ ከገበያ የገዛሁት ሕፃን ነው። ወላጆቹን አላውቅም። የሞተብኝን ልጅ እንዲክሰኝ ብዬ ካሣዬ አልሁት፤ ከልጆቼ ጋር አሳደግሁት።"

"እሰይ፣ ዝምድና የለማ!" አልኩ።

"ዝምድናስ የለም። ግን ይህን በሰው ፊት እንዴት አነባለሁ? አልነበብ አለኝ ብል ማን ያውቅብኛል?"

ያ ሁሉ ኩራት የት ገባ የሚል ክፉ ሐሳብ አልመጣብኝም አልልም። ግን አሳዘነችኝ። "ራሔልስ?" አልኳት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። እማዋይሽ ተነሥታ አንድ ቃል ሳትቀንስ አነበበች። አቶ ሸዋንግዛው ዳዊቱን አጥፈው ብድግ አሉና፣ "እንግዲህ… ዘሩ ካልታወቀ ቤት ለመጋባት፣ መጀመሪያ እርስ በርሳችን መምከር አለብን" አሉ። ራሔል አንገቷን ደፋች።

ይሄይስ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። "አባዬ፣ የተሸጠው ሕፃን ምን አጠፋ? የገዛው እኮ የእኛ ሰው ነው። ማፈር ካለ እኛ እንፈር።"

አቶ ሸዋንግዛው እንደ ቆሙ ቀሩ። ከዚያ ዳዊቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡና ወደ እማዋይሽ ዞሩ። "ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ይቅር ይበሉን" አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ ዕንባ እምቢ ያላት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።