አባቴ የሚያነሳው ጉርሻ

ባለፈው ሰኔ ልጄን መቅደስን ልጠይቅ ዳንግላ ሄጄ ነበር። እዚያ ሥራ ከያዘች ወዲህ ምሳ የምትጋብዘኝ እሷ ናት፤ እኔም በልጅ መጋበዝ ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን የወሰደችኝ በቅርብ ወደተከፈተ ምግብ ቤት ነው። ወንበሩ ይመቻል፤ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ይጮሃል። ጥብስ አዘን ቅቅል መጣልን። ቅቅሉ ተመልሶ ጥብሱ እስኪመጣ ዝናቡ ጀምሮ አባራ። በልተን ስንጨርስ አስተናጋጇ ደረሰኙን በጥቁር የቆዳ ሽፋን ውስጥ አድርጋ አስቀመጠችና ጥቂት ፈንጠር ብላ ቆመች።

«አሁን ለዚህም ጉርሻ ይሰጣል?» አለችኝ መቅደስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲያስጠብቁህም ስጥ፣ ሲሳሳቱም ስጥ። ካልሰጠህ ደግሞ በሌላ ቀን ስትመጣ ዞረው አያዩህም።»

ነገሯ እውነት አለው። እኔ ግን በጉርሻ ጉዳይ አስተያየት አልሰጥም፤ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኜበታለሁ። ይህን ስላት ካልነገርከኝ አልነሳም አለች።

በመምህርነት ተቀጥሬ እንጅባራ የገባሁት ጢሜ ገና ሲበቅል ነው። ከተማዋን ያኔ ብዙ ሰው ኮሶበር ይላት ነበር። የተወለድኩት በዘንገና ሐይቅ በኩል ስለሆነ ቤታችን በእግር ይደረሳል፤ ቢሆንም ደመወዝተኛ ሆኜ ከአባቴ ቤት መመላለሱን አልወደድኩትምና አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እንጅባራን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ክረምት ሲገባ ጉሙ እስከ ደጃፍ ይመጣል፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚያስበው ትኩስ ነገር መብላት ብቻ ነው። እኔ የማስበው ሌላም ነበር።

ትርንጎ ከአዘና ከተማ የመጣች ልጅ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ታስተናግድ ነበር። መልኳን ለመግለጽ አልሞክርም፤ መቅደስ ሄዳ ለእናቷ ትነግርብኛለች። ቤቱ በሾፌርና በገበያተኛ ጢም ብሎ እንኳን ማን ምን እንዳዘዘ አትስትም ነበር። ሾፌሮቹ ትተውላት የሚሄዱትን ብር በሽርጧ ኪስ ትከታለች። ገበሬው ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እደጊ» ብሏት ይወጣል። ጉርሻ ያኔ የመንገደኛና የደመወዝተኛ ልማድ ነበር። እኔም ደመወዝተኛ መሆኔን ሰው እንዲያውቅልኝ፣ ይልቁንም ትርንጎ እንድታውቅልኝ፣ ከበላሁ በኋላ ከሰሃኑ አጠገብ ብር እያስቀመጥኩ መነሳት ጀመርኩ። ብቻዬን ስሆን የምተውላትን ብር «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» ብላ ትወስዳለች።

ችግሩ የመጣው በገበያ ቀን ነው። አባቴ ገብስና ድንች በፈረስ ጭኖ ይመጣል፤ ሸጦ ሲጨርስ ምሳ እጋብዘዋለሁ። በልቶ ሲጠግብ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ዱላ ያነሳል፣ ከኋላዬ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ደጅ እንደወጣን ትከሻዬን ነካ አደረገኝና ያስቀመጥኩትን ብር መልሶ በእጄ አስጨበጠኝ።

«ገንዘብ እንዲህ ይረሳል?» አለኝ።

ለልጅቷ ነው ማለት አሳፈረኝ። በሚቀጥለው ገበያ ብሩን ከሰሃኑ ሥር ሸጎጥኩት፤ ሰሃኑን አንስቶ አገኘው። ይህን ጊዜ ከልቡ አዘነ። ማስተማሩ ጭንቅላቴን ያደከመው መስሎት ለእናቴ ነገራት። እሷም አናቴን እንድቀባ ለጋ ቅቤ ላከችልኝ። ተቀባሁም።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ታያለች። በገበያ ቀን፣ ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ እኔ ብር አስቀምጣለሁ፤ አባቴ ያነሳዋል። አንድ ቀን ብቻዬን ስሄድ ምግቡን አቅርባ ሳትሄድ ቆመች።

«መምህር፣ መስጠት ካልፈለጉ ይቅር፤ የሚያስገድድዎ የለም» አለችኝ። «ሰው እያየ አስቀምጦ በአባት ማስነሳት ግን ምን ይባላል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። ብትጠላኝ እችለው ነበር። ቆጥቋጣ፣ ያውም አስመሳይ ቆጥቋጣ አድርጋ እንድትቆጥረኝ ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ለአባቴ ልነግረው ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ገበያ እስከ ከተማው ዳር ልሸኘው ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ፈረሱን እየሳበ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። «ብሩን እየረሳሁት አይደለም፤ ለልጅቷ ብዬ የማስቀምጠው ነው» አልኩት በቋንቋችን በአዊኛ። አባቴ ቆመ። ፈረሱም ቆመ።

«ለየትኛዋ ልጅ?»

«ለምታስተናግደን።»

«ቤተሰቧ ያውቃል?»

በእኛ ዘንድ አንድ ጎረምሳ ዝም ብሎ ለሰው ልጅ ገንዘብ አይሰጥም። ከሰጠ ሐሳብ አለው፤ ሐሳብ ካለው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ሳይልክ ከሰጠ የሁለቱንም ቤት አዋርዷል። ይህ ሁሉ በአባቴ ፊት ላይ ሲያልፍ አየሁት። ነገሩ የከተማ ልማድ መሆኑን፣ ሾፌሩም ጸሐፊውም እንደሚሰጣት ብነግረው እዚያው ያልቅ ነበር። አልነገርኩትም። ፈርቼ ነው፤ ግን ፈልጌም ነው። እኔ በአፌ ልነግራት ያልደፈርኩትን አባቴ ሊነግርልኝ መሆኑ ገብቶኛል።

«ይሁን፤ የተበላሸውን እናስተካክላለን» አለና ፈረሱን ሳበ።

በሳምንቱ የታጠበ ጋቢ ለብሶ፣ ጎረቤታችንን አያ ካሴን አስከትሎ መጣ። አያ ካሴ ለጋብቻ በመላክ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ድንች ወጥ በላን። ትርንጎ ሰሃኑን ልታነሳ ስትመጣ አያ ካሴ ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአለሙ ነኝ፣ አባባ።»

«አለሙ የማን? እናትሽስ በየት በኩል ናት?»

ሰሃኖቹን እንደደራረበች አያት ቅድመ አያቶቿን አስቆጠሯት። ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ወጥ ጨምሪ እንጂ» ይላሉ። እሷ የሽማግሌ ወግ መስሏት በትዕግሥት ትመልሳለች። እኔ ላብ አጠመቀኝ። አያ ካሴ ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ዝምድና እንደሌለ ሲያረጋግጡ ለአባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ልጄ ብር ሲሰጥሽ ከርሟል አሉ። እኔ ሳላውቅ ነው። የመጣነው በሥርዓት እንዲሆን ነው። አንቺስ ከእጁ ስትቀበዪ ምን አስበሽ ነው?»

ትርንጎ ደነገጠች፤ የተከሰሰች መሰላት።

«አባባ፣ እኔ እኮ ከሁሉም ነው የምቀበለው» አለች።

አያ ካሴን ሳል ያዛቸው። አባቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቤት ሙሉ የተቀመጠውን ወንድ አንድ በአንድ አየ። ይህን ጊዜ ነገሩ ገባት። ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ሰሃኖቹን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና በትሕትና አስረዳቻቸው፦ ደመወዟ ትንሽ እንደሆነ፣ እንግዳ ለተስተናገደበት የሚተውላትን እያጠራቀመች ባሕር ዳር ሄዳ ነርስነት መማር እንደምትፈልግ።

«መምህርም እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው የሚሰጡኝ። ሌላ ነገር የለም» አለች።

ይህን ያለችው እኔን ከአባቴ ቁጣ ልታድነኝ ብላ ነው። ከዚህ በላይ ሊያመኝ የሚችል ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሊነገር አይችልም ነበር። አቀርቅሬ ባዶውን ትሪ አየሁ።

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። «እንዲያ ከሆነስ የሰው ድካም ስለቅም ነው የከረምኩት» አላት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ከጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈትቶ ብር አስቀመጠላት። እንደማውቀው ለማንም አስተናጋጅ ሰጥቶ አያውቅም ነበር።

አያ ካሴ ቀድመውን ሄዱ። እኔ አባቴን እስከ ከተማው ዳር ሸኘሁት። ሲለየኝ «ልጅቷ እውነተኛ ናት» አለኝ። «አንተ ነህ ሳትጠይቃት መልስ ስትጠብቅ የኖርከው።»

በማግሥቱ እዚያ ላለመብላት አስቤ ነበር፤ ሌላ ምግብ ቤት ሞልቷል። እግሬ ግን ወሰደኝ። ትርንጎ ምንም እንዳልተፈጠረ አስተናገደችኝ፤ ወጡም ትኩስ ነበር። በልቼ ስጨርስ እጄ ኪሴ ውስጥ ቆየ። እስከዚያ ቀን የተውኩላት ብር ሁሉ ለወጡ አልነበረም፤ ለእንጀራውም፣ ለትጋቷም አልነበረም። የሆነ ነገር ይዞልኝ እንዲመለስ ነበር። አሁን ምንም ይዞ እንደማይመለስ አውቄዋለሁ። ብዙ አሰብኩ፤ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ጉርሻ ሰጠሁ የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

መቅደስ አገጯን በእጇ ይዛ ታዳምጠኝ ነበር። «ኋላስ ተማረች?»

«በዓመቱ ባሕር ዳር ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።»

«አዘንክ?»

«በጣም።»

ልጄ የቆዳውን ሽፋን ከፍታ ከሂሳቡ ላይ ትንሽ ጨመረችበት፤ በጥብሱ ግን አሁንም ቅር እንዳላት ያስታውቃል። አስተናጋጇ አመስግና ወሰደችው። ወደ ደጅ ስንወጣ ስለ ትርንጎ ማሰቤን አልተውኩም። ያኔ ያቆሰለኝ ያ «ከሁሉም» የሚለው ቃል ነበር፤ ዓመታት አንገብግቦኛል። ዛሬ ሳስበው ግን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ስለተቀበለች ነው ማንም «የኔ» ሳይላት የሄደችው። ከእኔ ብቻ ተቀብላ ቢሆን ኖሮ እንጅባራ ትቀር ነበር።