ያልተፈቀደላት አዋላጅ

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የበላይ አካል አዞኝ ነው፤ «ተጠያቂ ትሆኛለሽ» ተብዬ ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፊርማው የእኔ ነው፤ ማኅተሙንም ያሳረፍኩት በገዛ እጄ ነው።

በዚያን ጊዜ ካፋ ገጠር ውስጥ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ባልናገር ይሻላል። ነርስ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ሳትቀር። ደብዳቤው የተጻፈባት ልጅ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን በነጻ የትምህርት ዕድል መጥታ ቦንጋ አዋላጅነት የተማረች ነበረች። ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ ሲልኳት ከጓደኞቿ በአንድ ራስ ትበልጥ ስለነበር በማዋለጃ ክፍላችን በር ጎንበስ ብላ ነበር የምትገባው። ወላዶቹ መጀመሪያ ፈሯት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን «ረጅሟ ትምጣልኝ» ማለት ጀመሩ።

አማርኛዋ ያስቅ ነበር። ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች። እኔን «እርስዎ» ነበር የምትለኝ፤ ከአክብሮቱ ይልቅ ወንድና ሴት ስለማይለይ ይቀላታል። የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን ግን ከአማርኛው ቀድማ ያዘችው፤ ምጥ የያዛት ሴት በቢሮ ቋንቋ አታምጥም። ግፊ፣ ተንፍሺ፣ አይዞሽ የሚባልበትን ቃል ከእናቶቹ አፍ ለቀመችው። እኔ የሰሜን ሰዎች ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ እንኳ እንደ እሷ አልናገረውም።

ስትመረቅ ጊዜያዊ ዲግሪዋን በላስቲክ ጠቅልላ እኔ ዘንድ መጣች። የክፍሏ ልጆች በየወረዳው ተመድበዋል፤ እሷን የሚመድብ የለም። እኛ ጋ ደግሞ ሁለት የአዋላጅ መደብ ነበረን፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

«እዚህ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ሲስተር። እናንተ ሰው የላችሁም፤ እኔ ሥራ የለኝም» አለችኝ።

«ቆዪ፣ እኔ እጨርስልሻለሁ» አልኳት። እንዲህ በቀላሉ። እስኪያልቅ ድረስ በበጎ ፈቃድ እንድታገለግል የሚል ወረቀት ጽፌ ነጭ ጋዋን ሰጠኋት። ምሳዋን እኔ ቤት ትበላለች፤ ቆጮውን መጀመሪያ ትሸሸው ነበር፣ በኋላ ከእኔ ትሻማበት ጀመር።

ቦንጋ ወደ ዞኑ ጤና መምሪያ ይዣት ሄድኩ። የተቀበለን ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሌላ ቢሮ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣት።

«የሥራ ፈቃድ አላት?»

«እሱን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«የሚጠይቅላት ቀጣሪዋ ነው።»

«ቀጣሪዋ እኛ ነን።»

«እናንተ መንግሥት ናችሁ፣ ሲስተር። ቋሚ መደብ ለዜጋ ነው።»

«ዜጋ አልመጣማ! መደቡ ባዶ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ማስታወቂያ ይውጣ። ዜጋ አለመገኘቱ በሰነድ ከተረጋገጠ በኮንትራት ይታይላታል።»

ማስታወቂያው ወጣ። አንድ ወጣት ከጅማ አመለከተ። ክረምት ነበር፤ በሞተር ሳይክል መጥቶ ጭቃውንና የሠራተኛ መኖሪያውን ቆርቆሮ አየ፤ ከሞተሩ ሳይወርድ ተመለሰ። ስሙ ግን በመዝገብ ሰፍሯል። ስለዚህ «አመልካች ተገኝቷል» ተባለ። ስሙን ለማሰረዝ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሱ ሲንከባለል ሌላው ወረቀት መጣ፤ ኮንትራት ለመፈረም የሙያ ፈቃድ ታምጣ። ለሙያ ፈቃዱ የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ታምጣ። የመኖሪያ ፈቃዷ የተማሪ ነው፤ ተመርቃለችና ተማሪ አይደለችም። በሠራተኛነት ይታደስ ካለች ደግሞ የሥራ ፈቃድ ታምጣ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ስትመለስ የነገረችኝ ይኸው ነው። ቃሉን ስታጣ ጣቷን አየር ላይ አዙራ አዙራ አሳየችኝ።

ከዚያ ነው የወረዳው ደብዳቤ የደረሰኝ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈቃድ የሌላት የውጭ ዜጋ በተቋሙ እየሠራች መሆኗ ስለተደረሰበት በአስቸኳይ እንድታቆም፣ ይህ ባይሆን ኃላፊዋ በሕግ እንደምትጠየቅ ይላል። ስልክ ደወልኩ። «ሲስተር፣ መመሪያ ነው» አለኝ ያዘዘኝ ሰው፤ የራሱ ሚስት እኛ ጋ በልጅቷ እጅ ነበር የወለደችው።

እምቢ ማለት እችል ነበር? አላውቅም። አልሞከርኩም። ልጆች አሉኝ አልኩ በሆዴ፣ ጡረታዬ አልኩ፤ ከምሳ በፊት ጽፌ ጨረስኩ። ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ አማርኛ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«‹ከዛሬ ጀምሮ› ማለት አሁን ነው?»

«አሁን ነው።»

«አንዲት ሴት ምጥ ላይ ናት።»

«ሌላዋ አዋላጅ ትረከባታለች።»

ጋዋኗን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

የመኖሪያ ፈቃዷ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ስለነበር፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት በተከራየችው ክፍል ተቀመጠች። በየቀኑ ወደ ቢሮዬ ስገባ አያታለሁ። እሷም ታየኛለች። ሰላምታ አንነፋፈግም፤ ግን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ይዘው መጡ። ያለችን አንዲት አዋላጅ ለሥልጠና ቦንጋ ሄዳለች። አምቡላንሱ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። ካዋለድኩ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም ገባሁ። ሕፃኑ በሰላም መጣ፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ደሙ መፍሰስ ጀመረ። መርፌውን ሰጠኋት፣ ሆዷን አሸሁ፣ አልቆም አለ።

«ረጅሟን ጥሩልን!» አለች የወላዷ አማት።

«አይፈቀድላትም» አልኩ።

ይህን ቃል ብያለሁ። ደም የጠጣ ጨርቅ በእጄ ይዤ፣ አይፈቀድላትም አልኩ። አማቲቱ ያልገባኝ መስሏት በካፊኖኖ ደገመችልኝ። እኔም ደገምኩላት። ምን ያህል ደቂቃ በዚያ እንዳለፈ አላውቅም። የወላዷ ከንፈር ሲነጣ ሳይ ነው ወጥቼ የሮጥኩት።

ልጅቷ በሯ ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። ገና ሳልናገር ፊቴን አይታ ተነሣች፤ እጇ አረፋ እንደያዘ ተከተለችኝ። ስለ ደብዳቤው ምንም አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከወለደች ስንት ደቂቃ ሆናት?»

ታጥባ ጓንት አጠለቀች። እጇን አስገብታ እንግዴ ልጁን በቀስታ አላቅቃ አወጣችው፤ ማህፀኗን በቡጢዋ ደግፋ ያዘች፤ ለወላዷ ስታወራላት ድምጿ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ደሙ ቆመ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሴትዮዋ ውኃ ጠይቃ እየጠጣች ነበር።

መዝገቡን ከፈትኩ። ያዋለደውና ያከመው ባለሙያ በሚለው ቦታ የራሴን ስም ብቻ ጻፍኩ። እሷ እጇን እየታጠበች በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችው።

«ጥሩ ነው። የእኔን ቢጽፉ ለእርስዎ ችግር ነው» አለች።

በሽሙጥ ብትናገረው እንኳ በቀለለኝ። ከልቧ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሚዛን በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈርኳት፤ ከዚያ በጋምቤላ አድርጋ ወደ አገሯ ትሻገራለች። ማርና ዳቦ ቋጥሬላት ነበር። ምን ልበላት? «ጻፊልኝ» አልኳት። ስንት ደብዳቤ ጽፌ ጽፌ፣ ለእሷ የቀረኝ ይኸው ሆነ።

በዓመቱ ማብቂያ ስብሰባ ላይ ቦንጋ ተጠራሁ። ጤና ጣቢያችን በዓመቱ አንዲት እናት እንኳ ስላልሞተችበት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አጨበጨቡልኝ። ያን ደብዳቤ እንድጽፍ ያዘዘኝ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጦ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ተነሥቼ እውነቱን ልናገር ብዬ አስቤ ነበር፤ አመስግኜ ተቀመጥኩ።

አንዴ ደውላልኛለች። አገሯ ስትገባ ደግሞ ዲግሪሽ የውጭ ነውና ይጣራ ብለዋት፣ መልስ እየጠበቀች በአክስቷ ሱቅ ሻይ ትሸጣለች።

«ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልጁም ድኾ ተነሥቷል።»

«መደቡስ? ሰው ገባበት?»

«አንድ ገብቶ ነበር፤ በአራተኛ ወሩ ዝውውር ጠይቆ ሄደ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ፣ ሲስተር» አለችኝ።

ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ኃላፊነቱን መለስኩ። ሰው ሁሉ ጤና አጥታ ነው ይላል፤ እኔም አላስተባበልኩም። አሁን በተመላላሽ ክፍል ተራ ነርስ ነኝ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ ደብዳቤ የምትፈርመው ሌላ ሴት ናት።