ከሃምሳ አምስት ሺህ በታች

ላድ ቫቭራን ከሁሉ በላይ የማውቀው በክብደቱ ነው። ሌላው ሰው ጎረቤቱን በመልኩ ወይም በአባቱ ስም ያውቀዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን በሊሳ ክሪክ የገበሬዎች ማኅበር ጎተራ የመኪና ሚዛን ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬን አልንቀውም። ሚዛን የሚያነብ ሰው ለሀብታምም ለድኻም አንድ ዓይነት ቁጥር ይናገራል፤ ይህን ደግሞ ብዙ የተከበረ ሰው አያደርገውም።

በእኛ ጎተራ አንድ የቆየ ልማድ አለ። የጫነ መኪና ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አካባቢው የቆመ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ክብደቱን ይገምታል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ይበራል። ከእውነቱ በጣም የራቀው ሰው ማዶ ካለችው ምግብ ቤት ለሁሉም የፖም ፓይ ይጋብዛል። ላድ በዚህ ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ተሸንፎ አያውቅም። የራሱ መኪና ሲመዘን ግን ጨዋታ አልነበረም። ቁጥሩ ምንጊዜም ከሃምሳ አምስት ሺህ ፓውንድ በጥቂት ያነሰ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

ምክንያቱ ግብሩ ነው። በአውራ ጎዳና የሚሄድ ከባድ መኪና በየዓመቱ በክብደቱ ይገበርበታል። መኪናው፣ ተሳቢውና ልማድ የሆነው ትልቁ ጭነት ይደመራል። ድምሩ ከሃምሳ አምስት ሺህ በታች ከሆነ፣ በኩንታል ሁለት መቶ ሃምሳ ካልሞላ ማለት ነው፣ ግብር የለም። ሃምሳ አምስት ሺህን የነካ ግን ይከፍላል፤ በየሺውም እየጨመረ ይሄዳል። ሰባ አምስት ሺህን ካለፈ በኋላ ጣራው ላይ ደርሷልና የፈለገውን ያህል ቢጭን ያው ነው። እንደ ማይሎ ሃጄክ ያለው ሰው ሰማንያ ሺህ ጭኖ፣ ጣራውን ከፍሎ፣ እያፏጨ ይነዳል። ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ላድ አንድ ጊዜ ብቻ ከፈለ። የከፈለ ሰሞን ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ለመንገድ ብሎ በከፈለበት መንገድ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የመኪናው አክስል ተሰበረ። ከጉድጓዱ ወጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ መንገድ ከኔ ክብደት አንዲት ሳንቲም አያገኝም!" ብሎ ማለ። የቫቭራ ዘር ከማለ አይመለስም። ሌሎች በአንድ ጉዞ የሚያደርሱትን በቆሎ እሱ በሁለት ማድረስ ጀመረ። የሚያቃጥለው ናፍጣ ከግብሩ በብዙ እንደሚበልጥ ልጅም ያውቃል። ነገር ግን መሐላ በናፍጣ አይለካም።

መሐላው ሲከርም እየጠነከረ ሄደ። ሌላ አንድ ባልዲ በቆሎ ለመጫን ሲል ስኮርታ ጎማውን ቤቱ ተወው። ሬዲዮውን ነቀለ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጭቃውን አጥቦ ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው። ብሩኖ የሚባለው ውሻው ድሮ አጠገቡ ተቀምጦ ይሄድ ነበር፤ እሱም ቤት ቀረ። ቀጥሎ ላድ የራሱን ሆድ ያዘ። ሚስቱ አርሊስ የምትጋግረውን የፕሪም ማርማላታ የሞላ ኮላቺ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ፣ በእኛ ቼኮች ዘንድ እምቢ ማለት ነውር የሆነውን፣ በእጁ መዳፍ ገፋ አድርጎ፣ "ሚዛን አለብኝ" ይላት ጀመር። በመጨረሻ ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ፈታና አውጥቶ በረንዳው ላይ አኖረው።

ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ያ ወንበር የአርሊስ ነበር። በሠርጋቸው ቀን ፖልካ እየጨፈሩ ሳለ ላድ "አንድ መከር በመኪና ወስጄ ተራራውን አሳይሻለሁ" ብሎ ቃል ገብቶላታል። አገራችን ሜዳ ነው፤ ከምድር ከፍ ያለው ትልቁ ነገር ጎተራችን ነው። ላድ ደግሞ በየመከሩ በቆሎ ጭኖ ኮሎራዶ፣ የአርሊስ እህት ሊዮና የምትኖርበት ተራራው ሥር ያለ ከብት ማደለቢያ ድረስ ይሄዳል። ብቻውን። አርሊስ በረንዳው ላይ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አተር እየፈለፈለች፣ ባሏ ወደ ተራራው ሲሄድ ታየዋለች። ብሩኖም እግሯ ሥር።

"ለኔ አንድ ሁለት ባልዲ በቆሎ ብታወርድልኝ ምናለበት?" አለችው አንድ መከር፣ እኔ ባለሁበት።

"በቆሎ'ኮ ይሸጣል" አላት።

የአርሊስን ፊት ቁጥር እኔ አነበብኩት፤ ከሰማንያ ሺህም በላይ ነበር።

በዚያ ክረምት ማይሎ አንድ ተንኮል ሠራ። ላድ ሚዛን ላይ ሊወጣ ሲል ከብት የሚልሰውን ትልቅ የጨው ጡብ ከጋቢናው ኋላ ደበቀበት። ላድ ወጣ። ሰሌዳው በራ፤ ሃምሳ አምስት ሺህ ሃያ!

"ተሳስተሃል!" ብሎ ጮኸብኝ ከመስኮቱ።

"እኔ ልሳሳት እችላለሁ፤ ሚዛኑ አይሳሳትም" አልኩት።

በሩ ተከፈተና የክረምት ካፖርቱ ተወርውሮ በረዶው ላይ አረፈ። ቀጥሎ አንድ ቦት ጫማ። ቀጥሎ ሌላው። ሰሌዳው ተንቀጠቀጠና ሃምሳ አምስት ሺህ ላይ ረጋ። እዚያ ቁጥር ላይ ደግሞ ግብሩ ይጀምራል።

"ላድ!" አለ ማይሎ፣ "ጥርስህን አውልቀህ ኪስህ ብትከተውስ?"

"ኪሴም ይመዘናል፣ አንተ ደደብ!"

ከዚያ በካልሲ ብቻ እንደሆነ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ መስኮቱን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ምራቁን በሩቁ ተፋ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ወንዱ ሁሉ አጥር ተደግፎ በሳቅ ሲያለቅስ፣ ማይሎ ራሱ ጨውን አወጣለት። ላድ ጫማውን አጥልቆ፣ ማንንም ሳያይ፣ በክብር ነድቶ ሄደ። ሳቁ ግን ከተማውን አዳረሰና ከአርሊስም ጆሮ ደረሰ። እሷ አልሳቀችም።

በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ እኛ ካቶሊኮች ሥጋ ስለማንበላ በደብራችን አዳራሽ የዓሣ እራት አለ። በዚያ ሰሞን አርሊስ ሆን ብላ ከወይዘሮ ዴልፊን ስታስትኒ አጠገብ ተቀመጠች። ወይዘሮ ዴልፊን የከተማችንን ሰው ግብር የሚሠሩ ሴት ናቸው። እኔ ከፊት ለፊታቸው ነበርኩ።

"ወይዘሮ ዴልፊን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ዓሣዬን የማያቀዘቅዝ ከሆነ ጠይቂኝ።"

"መኪናን ለግብር ሲመዝኑት ሰውዬውንም ይመዝኑታል?"

"የቱን ሰውዬ?"

"ሾፌሩን ነዋ።"

"ሾፌር ዕቃ ነው እንዴ፣ ልጄ? መኪናው ይቆጠራል፣ ተሳቢው ይቆጠራል፣ ጭነቱ ይቆጠራል። ሾፌር አይቆጠርም። ተቆጥሮም አያውቅም።"

አርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። "አጠገቡ የሚቀመጠውስ?"

"እሱን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ሳላጣራ አልናገርም።"

አሁን ተነስታ ለባሏ ልትነግር ትሮጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዓሣዋን ጨርሳ ሌላ ጨመረች።

"አትነግሪውም?" አልኳት።

"ብነግረው የሚለውን አውቀዋለሁ። 'የሾፌሩ እሺ፣ ያንቺ ግን አልተጣራም' ይለኛል። ስለዚህ የተጣራውን እይዛለሁ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አፍህን ዝጋ ማለቴ ነው" አለችኝ። እኔም ዘጋሁ።

ከፋሲካ በኋላ አርሊስ በሳምንት ሁለት ቀን የመዘምራን ልምምድ አለብኝ ማለት ጀመረች። ልምምዱ የነበረው ማይሎ እርሻ ላይ ነው፤ መኪናውንም ያዋሳት፣ ያስተማራትም እሱ ነው። ስለ ጨው ጡቡ ንስሐ መግባቱ ይሁን ሌላ ሳቅ መደገሱ፣ ከማይሎ ጋር ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቀን ማይሎ ፊቱ አመድ መስሎ ጎተራ መጣና፣ "ሴትየዋ ወደ ኋላ ስትነዳ የዶሮ ቤቴን ወሰደችው" አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ላድ መጥቶ ግራ ተጋብቶ ጠየቀኝ።

"አንተ መዝሙር ታውቃለህ። ምን ዓይነት መዝሙር ነው ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተው?"

"እሷን አልጠየቅካትም?"

"ጠየቅኳት። 'ኦርጋኑን ዘይት እየቀባነው ነው' አለችኝ።"

"እንግዲያው እሱ ነው" አልኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መከሩ ደረሰ። ላድ ለኮሎራዶው ጉዞ ጭኖ ሚዛን ላይ ወጣ። ሰሌዳው ሃምሳ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አለ። ላድ ፈገግ አለ። ልክ በዚያን ጊዜ አርሊስ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻንጣ ይዛ፣ በበሩ በኩል መጣች። ከኋላዋ ማይሎ የበረንዳውን ወንበር ተሸክሟል። ከማይሎ ኋላ ብሩኖ።

"ውረድ" አለችው።

"ምን?"

"ውረድልኝ። ሾፌር ልንቀይር ነው።" የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዷን አውጥታ በመስኮቱ በኩል አሳየችው። ላድ ፎቶውን አየ፤ እሷን አየ፤ ደግሞ ፎቶውን አየ።

"ግብሩ ሾፌርን አይቆጥርም" አለችው። "ወይዘሮ ዴልፊንን ጠይቅ። ስለ ተሳፋሪው ግን ገና አልተጣራም። እኔ እነዳለሁ፤ ያልተጣራኸው አንተ ነህ።"

"ሾፌር አይቆጠርም?"

"አይቆጠርም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥንትም።"

ላድ ከጋቢናው ወረደ። ስለ ግብሩ የሚናደድ መስሎን ነበር።

"ታዲያ... ኮላቺው?" አለ ቀስ ብሎ።

"የቱ ኮላቺ?"

"የፕሪሙ። ያን ሁሉ ዓመት እምቢ ያልኩት።"

ማይሎ ወንበሩን በብሎን እያሰረ፣ "የፓፒ ፍሬ የሞላውንም ጨምርበት፣ ወንድሜ" አለው።

አርሊስ መሪውን ያዘች። ላድ በወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ ብሩኖ እግሩ መሐል ገባ። ሰሌዳው በራ። ሥራዬ ነውና አነበብኩ፤ "ሃምሳ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ።"

ላድ ከማለ ወዲህ ይህን ያህል ቁጥር በመኪናው ላይ በርቶ አያውቅም። ላድ በሩን ከፍቶ ወረደ። አርሊስ ዞር ብላ አላየችውም፤ መሪውን ግን አጥብቃ ጨበጠች።

"እኔ አልቆጠርም ብዬሃለሁ" አለች፣ ፊት ለፊቷን እያየች። "ሕጉ እኔን አይቆጥረኝም።"

"ሕጉ ባይቆጥርሽ እኔ እቆጥርሻለሁ" አለ ላድ። "ወደ ኋላ ንጂው። በቆሎ ላወርድ ነው።"

ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቢያፈስሰው ክብደቱ ያው ነውና መኪናውን ከሚዛኑ ማውረድ ነበረባት። ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳት ወንድ የሚፈተንበት ነገር ነው። አርሊስ መስታወቷን አየችና እንደ ክር ቀጥ አድርጋ አወጣችው። ማይሎ የሸፈነውን ዓይኑን ገለጠ። ላድ የተሳቢውን የሆድ በር ስንጥቅ ያህል ከፈተ፤ በቆሎው መፍሰስ ጀመረ። ክምሩ ጉልበቱ ደረሰ። አለፈ።

"በቃ! በቃ!" ጮኸች አርሊስ ከመስኮቱ። "እኔ ያን ያህል አልሆንም!"

"ወንበሩና ውሻውም አሉበት!" ብሎ ጮኸ ላድ። በዚያች ሰዓት ብልህ ሰው መሆኑን አየሁ።

እንደገና ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ሃምሳ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነበር። አርሊስ ልትነሳ ስትል ሞተሩ አንዴ ጠፋባት። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው ላይ ተነሱና ወደ ምዕራብ ሄዱ። እኔ ክምሩን አካፋ ይዤ ለማንሳት ወጥቼ ነበር፤ ግን ተውኩት። እስኪመለሱ ድረስ ድንቢጦቹ በሉት።

ተመልሰው ባዶውን መኪና ሚዛን ላይ ሲያወጡት፣ ወንዶቹ እንደ ልማዳችን ገመቱ። ላድም በሙሉ ልብ ገመተ፤ የገዛ መኪናውን፣ የገዛ ሚስቱን፣ የገዛ ሰውነቱን ያውቃላ። ሰሌዳው ሲበራ ከሁላችን የራቀው እሱ ነበር። የአርሊስ እህት ሊዮናም ኮላቺ ትጋግራለችና፣ እዚያ ሲበላ ሰንብቶ የገዛ ሰውነቱን አያውቀውም ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓይ ጋበዘ። ለራሱ ሁለት አዘዘ።

"ተራራውን አየሽው?" ብዬ አርሊስን ጠየቅኳት፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ።

"አየሁት" አለች። ዓይኗ ገና እዚያ ነበር። "እንዴት ያለ ነገር ነው መሰለህ። ይሄ ሰውዬ ግን አጠገቤ ቆሞ የተራራውን ክብደት ሲገምት ዋለ።"

"ስንት አለ?"

ላድ አፉ በፓይ እንደሞላ እሱው መለሰልኝ።

"ስንትም ይሁን፣ ከሃምሳ አምስት ሺህ በላይ ነው። እዚያው ይቀመጥ፤ መንገድ ላይ ከወጣ ያስከፍሉታል።"