ተከራያችንን "አክስቴ ናቸው" አልኩ

ዛሬ ለወረዳ ሰዎች ተከራያችንን "አክስቴ ናቸው" አልኳቸው።

እንግዳ ሲያናግረኝ ድምፄ አይወጣም። ውሸቱ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

የመጡት ያልተመዘገበ የኪራይ ውል ፍለጋ ነው። ውሉ ከተመዘገበ እናቴ እንዳሻት ኪራይ መጨመር አትችልም፤ ስለዚህ "እንዲህ በይ" ብላኝ ነበር።

አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም የሚሸጡት ተከራያችን እትዬ ዘይነባ፣ ልብስ እያጠቡ ሰሙኝ። "አዎ፣ የእህቴ ልጅ ናት" አሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ "ምነው፣ አክስትሽን ሻይ እንኳን አትጋብዢም?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው "እናትሽ እንዳትቆጣሽ ብዬ ነው" አሉኝ።

እናቴ በሚቀጥለው ወር ልትጨምርባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም። ልብሱን አብሬያቸው አሰጣሁ።

እናንተስ እናታችሁን ላለማስቀየም ደግ ሰው በድላችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?