የቁስቋሟ አራስ ጀርባ

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ ካለ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሲስተር አልማዝ የተተኮሰ ጋዋኔን አይተው፣ «እዚህ ሥራው ወለል ላይ ነው» አሉና ሰሌን አነጠፉ። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠውን የጀርባ ስፖርት አሳዩኝ፦ ግድግዳ መደገፍ፣ ትከሻን ወደ ኋላ መሳብ፣ አንገትን ማቅናት። በሦስት ቀን ለመድኩት፤ በአራተኛው አዋቂ ሆንኩ።

አስካለ የምትባል እናት ከቁስቋም መጣች። ልጇ ክርስትና ከተነሳ ሳምንቱ ነው፤ ክብደቱ ግን ፈቅ አላለም።

«ሲስተር፣ ላጠባው ጎንበስ ስል ወገቤ ይቆረጣል። ሳይጠግብ አነሳዋለሁ። በቃ፣ ጡጦ ላስለምደው ነው።»

ሲስተር ማለቷን አላረምኩም። ውሃ ከቦኖ በሚቀዳበት ሰፈር ጡጦ ማለት ተቅማጥ ነበር። «ግድግዳ ተደግፈሽ በቀን ሦስቴ ሥሪ» ብዬ ሸኘኋት።

በሳምንቱ ልጁ ይባስ ቀንሶ መጣ። ስፖርቱን አልሠራችም። ለሲስተር አልማዝ «ሰነፍ ናት» አልኳቸው።

«ቤቷን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ሰነፏ ማናት?»

በጣም አፈርኩ። በማግስቱ አብረን ቁስቋም ወጣን።

ክረምት ስለነበር የጭቃው ግድግዳ በስብሷል። የአስካለ አማት እማማ ወለተ ገና ሳንቀመጥ ጀመሩኝ። «አርባዋ ቢወጣም አጥንቷ አልጠናም። እዚህ ላይ ተለጥፋ ብርድ ይግባባት?»

ግድግዳውን በእጄ ነካሁት።

ሲስተር አልማዝ አልተከራከሩም። «እውነትዎን ነው እማማ። ታዲያ ምን ላይ ትደገፍ?»

አሮጊቷ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጡ። «ይኸው፣ የኔ ሙቅ ነው።»

አስካለ ጀርባዋን ከጀርባቸው አጋጥማ ተቀመጠች። ሲስተር ጋቢ አጣጥፈው ጭኗ ላይ አደረጉና ልጁን ከፍ አደረጉት። «ጡትሽን ወደ ልጁ አታውርጂ፤ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው» አሏት።

«ትከሻሽን ወደ ኋላ! ግፊኝ!» አሉ እማማ ወለተ። «ከእንጦጦ እንጨት ስሸከም የኖርኩ ነኝ፣ አልሰበርም።»

ልጁ ራሱ ጠግቦ እስኪለቅ ድረስ ጠባ። እኔ ያዘዝኩትን ከእኔ አሻሽለው ሲሠሩት እያየሁ ደስታም ቅናትም ያዘኝ።

በሚቀጥለው ሚዛን ልጁ ጨመረ። የጡጦው ወሬ በዚያው ቀረ። ጤና ጣቢያው ውስጥ እናቶችን ጀርባ ለጀርባ እያስቀመጥን ማስተማር ጀመርን፤ ፈጠራው የማን እንደሆነ ለሁሉም ነግሬያለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቤቷን ሳላይ ለአንዲት እናት ስፖርት አላዘዝኩም።