ዘጠና እርምጃ

ባሌ በያጅ ነው። ባሕር መሃል በብረት እግሮች በቆመ የነዳጅ ማውጫ ላይ አንድ ወር ይሠራል፤ አንድ ወር ደግሞ እቤት ያርፋል። ማረፍ ካሉት ነው!

ትናንት ጠዋት ዳቦ እንዲገዛ ላክሁት። ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ዳቦውስ?»

«ረሳሁት» አለኝ አቀርቅሮ።

ዛሬም ላክሁትና በመስኮት ተከታተልኩት። ደህና ሲሄድ ቆይቶ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ዞሮ መጣ። ዳቦ ቤቱ እኮ ፊት ለፊቱ ነበር!

«አንተ ሰውዬ፣ ልታሳብደኝ ነው? ዳቦ ለመግዛትም ሥልጠና ያስፈልጋል?»

ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እያሻሸ ነገረኝ። እዚያ ከሥራ በኋላ እግሩን የሚያፍታታው ከብረት አጥር እስከ ብረት አጥር ነው፤ ዘጠና እርምጃ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲመላለስበት እግሩ ለምዶ፣ እዚህም ዘጠና ላይ ይቆማል።

ንዴቴ በረደ። እጁን ይዤ አብረን ወጣን። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ስንደርስ መዳፉ በላብ ራሰ። እኔ አንድ እርምጃ አለፍኩ። እሱ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ተመለሽ!» አለኝ፤ «ትወድቂያለሽ።»