የአጎቴ አንድምታ

ልጅ ሳለሁ፣ የሐምሌ ጭጋግ መርካቶን ገና በጊዜ ሲያጨልማትና መብራት እንደ ልማዱ ሲጠፋ፣ አጎቴ ጋሼ መኩሪያ የከሰል ምድጃውን ተጠግተው ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያወሩልን ነበር። ጎጃም በረንዳ የማር ነጋዴ ነበሩ፤ ቤታቸውና መጋዘናቸው በአንድ ግቢ ነው። እኔም አባቴ ከሞተ ወዲህ የማድገው እሳቸው ዘንድ ነበር። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ፍሙ ፊታቸውን ሲያቀላው፣ ሻማው ሲርገበገብ፣ ከአፋቸው የሚወጣው ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ በወጣትነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው፣ የሰው ደጅ እየለመኑ፣ ትንሽ ትርጓሜ ቀምሰዋል። ሊቅ ለመሆን ሳይበቁ ንግድ ገቡ፤ ከትምህርቱ የቀራቸው ቃሉን እንደ ተጻፈው የሚያስወስደው «በቁሙ» እና ሌላ ምሥጢር የሚያወጣው «አንድም»፣ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በሁለቱ ያልተወጡት ነገር የለም። ዮናስ በዓሣ ሆድ ማደሩ በቁሙ ነው፤ የተጠራጠረ መናፍቅ ነው። የበለዓም አህያ መናገሯም በቁሙ። ሚስት ለባሏ ትገዛ የሚለውማ ከሁሉ በላይ በቁሙ ነው፤ ይህን ሲሉ ወደ ጓዳ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ይስጥ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «አንድም» ይላሉ፤ ልብስ የተባለ ምግባር ነው፣ ምግባር ደግሞ አውልቀው ለሰው አይሰጡትም። ይህን ሰምቶ የሳቀ ትልቅ ሰው አላየሁም።

በሥላሴ ዋዜማ የሚያወሩት የአብርሃምን ነበር፤ እሱ እንኳ ያምርባቸዋል። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም። ሰይጣን በዚህ ቀንቶ ራሱን ይፈነክትና መንገድ ዳር ተቀምጦ «አብርሃም የድሮው መሰላችሁ? እኔን ደብድቦ አባረረኝ» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ይመልሳል። አብርሃም እንግዳ ሲጠብቅ ሦስት ቀን ጦሙን ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን ሥላሴ ራሳቸው እንግዳ ሆነው ይመጡለታል። በዚያ ዓመት አጎቴ እዚህ ሲደርሱ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «እኛም የአብርሃም ልጆች ነን፤ ደጃችንም የአብርሃም ደጅ ነው» አሉ። እኔም አመንኳቸው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሻማ ልገዛ ወጣሁ። የተዘጋ ሱቅ ጥግ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ዘመድ ፍለጋ ከገጠር መጥታ ዘመዷን አጥታለች፤ ዝናቡ እግሯን ያበሰብሰዋል፣ ሕፃኑ ያስለዋል። አጎቴ ቤት እንድትመጣ ነገርኳት።

«እውነት ያስገቡኛል፣ የኔ እናት?» አለችኝ።

«አዎ፣ እንግዳ ይወዳሉ። ትናንት ነግረውናል።»

አዲሱ ማር የሚገባው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ መጋዘኑ ባዶ እንደነበር አውቃለሁ። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኳት።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ማን ናት?»

«እንግዳ ናት፣ ጋሼ። መጋዘን ውስጥ ትደር ብዬ ነው። ትናንት ስለ አብርሃም ያሉት...»

«ልጅ ነሽና አልገባሽም» አሉኝ፣ እሷን ትተው እኔን እያስተማሩ። «የአብርሃም ድንኳን የተባለ የሰው ልቡና ነው። እንግዳው ደግሞ ቃለ እግዚአብሔር። አንድም...»

ሴትዮዋ ሁለተኛውን ትርጓሜ አልጠበቀችም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ግድ የለም፤ አንቺ ግቢ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አለችኝ። እሳቸው በሩን ዘጉ።

ያን ምሽት የማይታወቅ ሰው ደጃቸው ድረስ አምጥተሻል ብለው በቀበቶ ገረፉኝ፤ ልጁን የሚወድ በበትር ይቀጣል ተብሎ ተጽፏልና። ለበትሩ «አንድም» አልተገኘለትም።

ዛሬ ሰዎች መጽሐፉ በቁሙ ይነበብ ወይስ በምሥጢር እያሉ በየስልካቸው ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ፤ አልገባበትም። ትርጓሜን አልንቅም፤ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሊቃውንት ጥልቀቱን ያውቁታል። የምንቀው ጋሼ መኩሪያን ነው፤ ሌላውን የሚያዝዘውን በቁሙ፣ እሳቸውን የሚያዝዘውን በምሥጢር ይፈቱ የነበሩትን። ሞተዋል። የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል፤ እኔ እወቅሳለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ በዓመቱም ያንኑ ታሪክ ያንኑ ዕንባ እያፈሰሱ ሲያወሩ ከምድጃው ማዶ ሆኜ አዳምጫቸዋለሁ፤ እሳቸው ደጅ ቢሆን ሰይጣን ራሱን መፈንከት ባላስፈለገው ነበር።

ያቺ ሴት የት እንዳደረች አላውቅም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ለእሷ ትርጓሜ አላበጅላትም፤ ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ሕፃኑ ያስለው ነበር፣ መጋዘኑ ባዶ ነበር፣ እኔም ያስገቡሻል ብያት ነበር።